የኮከቦች ጨዋታ ዛሬም ያስፈልጋል?

የኮከቦች ጨዋታ፣ አሜሪካውያን «ኦል ስታር» የሚሉት፣ አንድ ሊግ ውድድሩን ለጥቂት ቀናት አቋርጦ ምርጥ ተጫዋቾቹን ከየክለቡ በመሰብሰብ ለሁለት ከፍሎ የሚያጫውትበት ግጥሚያ ነው። ነጥብ አይያዝበትም፤ የደረጃ ሰንጠረዡን አይነካም፤ የተሸነፈውም ወገን የሚያጣው ነገር የለም። በቤዝቦል፣ በቅርጫት ኳስ፣ በበረዶ ሆኪና በአሜሪካ እግር ኳስ ለብዙ አሥርት ዓመታት የዘለቀ ልማድ ነው። ባለፉት ዐሥር ዓመታት ግን አራቱም ሊጎች ደንቡን ነካክተውታል፤ አንዱ እስከ መሰረዝ፣ ሌላው በሌላ ውድድር እስከ መተካት ደርሷል። ይህ ሁሉ መነካካት የመጣው ተጫዋቹ ከልቡ ስለማይጫወት፣ ተመልካቹም ይህንን ስላወቀ ነው።

ልማዱን የጀመረው ጋዜጠኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ቺካጎ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ታስተናግድ ነበር። አገሪቱ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ስለነበረች የቤዝቦል ስታዲየሞች ተመልካች ርቋቸዋል። የ«ቺካጎ ትሪቢዩን» የስፖርት አዘጋጅ አርች ዋርድ፣ የአሜሪካን ሊግና የናሽናል ሊግ ምርጦች ለኤግዚቢሽኑ ማድመቂያ አንድ ቀን እንዲገጥሙ ሐሳብ አቀረበ። ጁላይ 6 ቀን ኮሚስኪ ፓርክ 47 ሺሕ ያህል ሰው ገባ። 38 ዓመት የሞላው፣ ጉልበቱ መክዳት የጀመረው ቤብ ሩት የዕለቱን የመጀመሪያ ሆም ራን፣ ማለትም ኳሱን ከአጥር ውጭ የሚያሻግረውን ምት፣ መታ። የአሜሪካን ሊግ 4 ለ 2 አሸነፈ፤ ገቢው ለተቸገሩ የቀድሞ ተጫዋቾች መርጃ ዋለ። አንድ ጊዜ ብቻ ተብሎ የታሰበው ጨዋታ በዓመቱ ተደገመ፤ ከዚያም ዓመታዊ ሆነ።

ሰዉ ለምን እንደጎረፈ ለመረዳት የዚያን ዘመን ቤዝቦል አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለቱ ሊጎች የየራሳቸው አስተዳደርና ፕሮግራም ነበራቸው፤ ክለቦቻቸው በመደበኛው ውድድር ጨርሶ አይገናኙም። የሚገናኙት የሁለቱ ሻምፒዮኖች ብቻ ናቸው፤ እነሱም ለዋንጫው ፍጻሜ፣ በዓመቱ መጨረሻ። ቴሌቪዥን ገና አልነበረም። ስለዚህ የናሽናል ሊግ ክለብ ብቻ ባለበት ከተማ የሚኖር ሰው ስለ ቤብ ሩት በጋዜጣ ሲያነብና በሬዲዮ ሲሰማ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል። በ1934 ኒው ዮርክ ላይ የናሽናል ሊጉ ወርዋሪ ካርል ሃበል ሩትን፣ ጌሪግን፣ ፎክስን፣ ሲመንስንና ክሮኒንን በተከታታይ ባዶ እጃቸውን ሲመልሳቸው፣ ተመልካቹ ያየው በሌላ ቀን በሌላ ቦታ ሊያየው የማይችለውን ነገር ነው። የትኛው ሊግ ይበልጣል የሚለው የዓመቱ ክርክርም መልስ የሚያገኘው እዚያው ሜዳ ላይ ነበር። ተጫዋቾቹ ለሊጋቸው ክብር ይጫወቱ ነበር ሲባል ዛሬ እንደ ተረት ይሰማል፤ ያኔ ግን ሊግ ማለት አሠሪም፣ ሰፈርም፣ ወገንም ነበር።

ከክብሩ ጎን ገንዘብ ነበረ፤ ገንዘቡም የባለሀብት ሳይሆን የተጫዋቹ ነበር። የበረዶ ሆኪው የኮከቦች ጨዋታ መነሻ የአንድ ሰው አደጋ ነው። የቶሮንቶው ኤስ ቤይሊ በዲሴምበር 1933 ከቦስተኑ ኤዲ ሾር በደረሰበት ግፊያ ወድቆ ጭንቅላቱ ተሰንጥቆ ለሞት ተቃረበ፤ ዳግመኛም አልተጫወተም። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1934 ቶሮንቶ ከቀሪው ሊግ ምርጦች ጋር ለቤይሊ መርጃ ገጠመች። ተጎጂውና ጎጂው ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት በበረዶው ላይ ሲጨባበጡ ስታዲየሙ በጭብጨባ ተናወጠ። በቤዝቦልም የኮከቦች ጨዋታ ገቢ ለተጫዋቾች ጡረታ መዋጮ ነበር፤ ከ1959 እስከ 1962 በዓመት ሁለት ሁለት ጊዜ የተጫወቱትም ለዚሁ ፈንድ ተብሎ ነው።

ጨዋታው ለተጫዋቹ ያስገኘው ትልቁ ጥቅም ግን ሊቀር ትንሽ በቀረው ግጥሚያ የተገኘ ነው። ጃንዋሪ 14 ቀን 1964 የቅርጫት ኳሱ ሊግ፣ የኤንቢኤ፣ ኮከቦች ቦስተን ገቡ። ኤቢሲ ቴሌቪዥን ጨዋታውን ሰው ሁሉ ከሥራ ገብቶ በሚቀመጥበት የምሽት ሰዓት ለማስተላለፍ ተዘጋጅቷል፤ የሊጉ የወደፊት የቴሌቪዥን ገቢም በዚያ ምሽት ላይ ተንጠልጥሏል። የተጫዋቾች ማኅበሩ መሪ ቶሚ ሄንሶን፣ ቢል ራስል፣ ኦስካር ሮበርትሰን፣ ጄሪ ዌስት፣ ኤልጂን ቤይለርና ሌሎቹ መልበሻ ክፍል ገብተው በሩን ዘጉና የጡረታ ዕቅድ በጽኑ ቃል ካልተገባልን ሜዳ አንወጣም አሉ። ዛቻም ልመናም በበሩ በኩል ተላከላቸው። ኮሚሽነሩ ዋልተር ኬኔዲ በመጨረሻ ቃሉን ሰጠ፤ ጨዋታው ዘግይቶ ተጀመረ፤ የጡረታ ዕቅዱም ኋላ ሥራ ላይ ዋለ። የዚያ ምሽት ውጤት ስንት ለስንት እንደነበር ዛሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ተጫዋቾቹ ያን ያህል ጉልበት ያገኙት ግን ጨዋታው ለሊጉ በእርግጥ ውድ ስለነበረ ነው።

ይህ ሁሉ ቀስ በቀስ ተሸረሸረ። ቴሌቪዥን፣ ቀጥሎም ኢንተርኔት፣ ማንኛውንም ኮከብ በየምሽቱ ከየቤቱ አስገባ። ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ ተጫዋቾች ኮንትራታቸው ሲያልቅ ወደፈለጉት ክለብ የመሄድ መብት ስላገኙ ዛሬ እዚህ ሊግ፣ ነገ እዚያ ሆኑ፤ የሊግ ወገንተኝነት ለዝውውር ቦታውን ለቀቀ። በቤዝቦል የሁለቱ ሊጎች ክለቦች ከ1997 ጀምሮ በመደበኛው ውድድር መገናኘት ጀመሩ። ከ2023 ወዲህ ደግሞ ሠላሳዎቹም ክለቦች በየዓመቱ እርስ በርስ ይገጥማሉ። በ1976 ጨዋታውን በቴሌቪዥን የተከታተለው የአሜሪካ ሕዝብ 36 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ በ2023 ወደ 7 ሚሊዮን ወርዷል። በእርግጥ ከዚያ ወዲህ የማንኛውም ፕሮግራም ተመልካች ተበታትኗል። የኮከቦቹ ጨዋታ ግን ከመበታተኑ ሌላ ብርቅነቱንም አጥቷል።

ደሞዝ የቀረውን አነሳ። በ2025ቱ የኤንቢኤ የኮከቦች ውድድር ያሸነፈው ቡድን እያንዳንዱ ተጫዋች 125 ሺሕ ዶላር ተሸልሟል። በዚያው የውድድር ዘመን የስቴፈን ከሪ ደሞዝ 55.7 ሚሊዮን ዶላር ያህል ስለነበር፣ ለ82 ጨዋታ ሲካፈል ለአንድ ምሽት 680 ሺሕ ዶላር ገደማ ይደርሰዋል። ለእንዲህ ያለ ሰው 125 ሺሕ ዶላር ጉልበቱን የሚያስወጣ ገንዘብ አይደለም። ቁርጭምጭሚቱ ቢዞርበት ግን ኪሳራው የክለቡም የእሱም ነው። በዚህ ስሌት ዘና ብሎ መጫወት ስንፍና ሳይሆን ብልህነት ይሆናል፤ ተጫዋቹን መውቀስም ከባድ ነው።

ብልህነቱ በግልጽ የሚታየው በቅርጫት ኳስ ነው። በዚህ ስፖርት ማጥቃት ያዝናናል፤ መከላከል ግን ልፋት ነው፤ መሮጥ፣ መጋጨት፣ መውደቅ አለበት። የኮከቦች ጨዋታ ላይ መጀመሪያ የሚቀረው መከላከሉ ነው። ዊልት ቻምበርሊን በ1962 ያስቆጠረው 42 ነጥብ ለ55 ዓመታት ክብረ ወሰን ሆኖ ቆየ። በ2017 አንቶኒ ዴቪስ 52፣ በ2023 ጄሰን ቴተም 55 አስቆጠሩ፤ ከቻምበርሊን ስለበለጡ ሳይሆን ፊታቸው የቆመ ሰው ስላልነበረ ነው። በ2024 ኢንዲያናፖሊስ ላይ ምሥራቁ ምዕራቡን 211 ለ 186 ረታ። በቅርጫት ኳስ 397 ነጥብ የሚቆጠርበት ጨዋታ ማለት ከልምምድ በፊት የሚደረግ ማሟሟቂያ ማለት ነው።

ሊጉ መድኃኒት አላጣም። ከ2018 እስከ 2023 ምሥራቅና ምዕራብ ቀርቶ ሁለት አምበሎች ተጫዋች እየመረጡ ቡድን ሠሩ። በ2020 ኮቢ ብራያንት ባረፈ በሦስተኛው ሳምንት፣ ቺካጎ ላይ፣ ከመጨረሻው ሩብ ላይ ሰዓቱ ተነሥቶ መሪው ቡድን ካለው ነጥብ ላይ 24 ተጨምሮ የተገኘውን ቁጥር ቀድሞ የሞላ እንዲያሸንፍ ተደረገ፤ 24 የኮቢ የማሊያ ቁጥር ነው። ተጫዋቾቹ ያን ምሽት ተናነቁ፤ ከዳኛ ጋር ተከራከሩ፤ ጨዋታው 157 ለ 155 አለቀ። ብዙዎች ደንቡ ሠራ አሉ። የሠራው ግን ሐዘኑ ነው፤ ያው ደንብ በቀጣዮቹ ዓመታት እንዳለ ቆይቶ ጨዋታው ወደ ቀድሞው ልፍስፍስነት ተመልሷል። በ2025 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ደግሞ አራት ቡድኖች እስከ 40 ነጥብ የሚጫወቱባቸው አጫጭር ግጥሚያዎች ተሞከሩ፤ ይህም በዓመቱ ተጣለ።

ቤዝቦልም በደንብ ሊታከም ተሞክሯል፤ እዚያ ግን ጉዳቱ በደንቡ በኩል መጣ። በ2002 ሚልዋኪ ላይ ሁለቱም ቡድኖች ወርዋሪዎቻቸውን ሁሉ ተራ በተራ ስላሳረፉ ጨዋታው ከ11 ኢኒንግ፣ ማለትም ከ11 ዙር፣ በኋላ 7 ለ 7 እንደሆነ የሚወረውር ሰው ጠፍቶ ተቋረጠ። ኮሚሽነሩ በድ ሲሊግ የኖረባት ከተማ ሕዝብ ጮኸበት። ከ2003 እስከ 2016 ያሸነፈው ሊግ ሻምፒዮን በዋንጫው ፍጻሜ ሰባተኛውን ጨዋታ በሜዳው እንዲያደርግ ተደነገገ። ውጤቱ እንግዳ ነበር፤ አሠልጣኙ ለሁሉም ተራ ለማድረስ በየኢኒንጉ ተጫዋች የሚቀይርበት የበዓል ጨዋታ፣ ዓመቱን ሙሉ የተለፋበትን ብልጫ ይሽር ጀመር። በ2016 ቺካጎ ከብስ 103 ጨዋታ አሸንፈው 94 ብቻ ያሸነፉትን የክሊቭላንድን ተጫዋቾች ሲገጥሙ የመጨረሻው ጨዋታ ክሊቭላንድ ላይ ተደረገ። ከብስ አሸንፈው ሊጉን ከውዝግብ አዳኑት እንጂ ድንጋጌው የሚከላከልለት አልነበረውም፤ በዓመቱ ተነሣ።

እንዲያም ሆኖ ቤዝቦል ከአራቱ የኮከቦች ጨዋታዎች ሁሉ ጤነኛው ነው፤ ምክንያቱ ከአስተዳደሩ ሳይሆን ከስፖርቱ ባሕርይ ይመነጫል። የቤዝቦል ዋናው ነገር የአንድ ወርዋሪና የአንድ መቺ ፍጥጫ ነው፤ በዚያ ፍጥጫ ውስጥ ደግሞ መለገም አይመችም። ወርዋሪው አንድ ኢኒንግ ብቻ እንደሚወረውር ስለሚያውቅ እንዲያውም ያለውን ፍጥነት ሁሉ ያወጣል። መቺውም በሚሊዮኖች ፊት በባዶ አየር ላይ መሳት አይፈልግም፤ ሁለቱንም የሚያጋጭ ነገር የለም። በ2021 ዴንቨር ላይ ሾሄይ ኦታኒ በአንድ ጨዋታ ወርዋሪም የመጀመሪያ መቺም ሆኖ መግባቱ የትኛውም የማስታወቂያ በጀት የማይገዛው ትርኢት ነበር። በ2025 አትላንታ ላይ 6 ለ 6 የተጠናቀቀው ጨዋታ በሆም ራን መለያ ሲወሰን፣ ካይል ሽዋርበር በሦስት ምት ሦስት ኳስ ከአጥር ውጭ ልኮ ለናሽናል ሊግ አሸነፈ። ለእግር ኳስ ተከታታይ ከፍጹም ቅጣት ምት መለያ ጋር ይመሳሰላል፤ ከዚያ ይልቅ ግን ያዝናናል፤ ምክንያቱም የሚያለቅስ የለበትም።

የአሜሪካ እግር ኳስ በተቃራኒው ጫፍ ላይ ነው። በዚህ ስፖርት ቀስ ብሎ መጋጨት የሚባል ነገር የለም፤ ወይ ይጋጫሉ ወይ ጨዋታው ጨዋታ አይሆንም። ፕሮ ቦውል የሚባለው የኮከቦች ጨዋታ ለብዙ ዓመታት በሃዋይ የዕረፍት ጉዞ ሆኖ ቆየ፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ተከላካዮቹ ተቃራኒውን ከመጣል ይልቅ አቅፈው ያቆሙት ነበር። ከ2022 በኋላ በግጭት የሚደረገው ጨዋታ ቀረና ከወገብ ላይ ጨርቅ በመንጠቅ ተጫዋች የሚቆምበት ቀለል ያለ ጨዋታ ተተካ። በሊጉ ሊፈረድበት አይገባም፤ ቀላሉ ጨዋታ እንኳ ይጎዳል። በ1999 የኒው ኢንግላንዱ ሮበርት ኤድዋርድስ፣ በመጀመሪያ ዓመቱ ከ1 ሺሕ ያርድ በላይ የሮጠ ተስፈኛ፣ በፕሮ ቦውል ሳምንት በአሸዋ ላይ በተደረገ እንዲሁ ያለ ቀላል ጨዋታ ጉልበቱ ክፉኛ ተጎድቶ ወደ ሊጉ ሜዳ የተመለሰው በ2002 ነው።

የበረዶ ሆኪው ሊግ ከሁሉም ደፋር እርምጃ የወሰደው ከተዋረደ በኋላ ነበር። በ2016 ደጋፊዎች በቀልድ ጀምረው፣ ጎል በማግባት ሳይሆን በቡጢ የሚታወቀውን ጆን ስኮትን በድምፅ ብዛት አምበል አደረጉት። ሊጉ ራሱን እንዲያገል ሊያግባባው ሞከረ፤ ክለቡም በዚያው መሐል ለሌላ ክለብ አሳልፎ ሰጠው፤ አዲሱ ክለብም ወደ ታችኛው ሊግ ሰደደው። ስኮት ግን ጨዋታው ወደሚደረግባት ናሽቪል ገባ፤ ሁለት ጎል አገባ፤ የጨዋታው ኮከብ ተባለ። ደጋፊው የቀለደው በስኮት አልነበረም።

በፌብሩዋሪ 2025 ሊጉ የኮከቦቹን ጨዋታ ትቶ አሜሪካን፣ ካናዳን፣ ስዊድንንና ፊንላንድን ያሳተፈ የብሔራዊ ቡድኖች ውድድር በሞንትሪያልና በቦስተን አዘጋጀ። ወቅቱ በዋሽንግተንና በኦታዋ መካከል የቀረጥ ንትርክ የጋለበት ነበር። አሜሪካና ካናዳ ሞንትሪያል ላይ ሲገናኙ ጨዋታው በተጀመረ በዘጠኝ ሴኮንድ ውስጥ ሦስት የቡጢ ግጥሚያ ተካሄደ። ፍጻሜውን ካናዳ በጭማሪ ሰዓት በኮነር ማክዴቪድ ጎል 3 ለ 2 ስታሸንፍ በአሜሪካ ብቻ 9.3 ሚሊዮን ሰው ተከታትሎታል። እነዚህ ተጫዋቾች ከዓመት በፊት በኮከቦች ጨዋታ እየተንሸራተቱ ሲሳሳቁ የነበሩ ናቸው። ዋጋው ግን ተከፍሏል፤ የአሜሪካው ማቲው ካቸክ በዚያ ውድድር ተጎድቶ የቀረውን መደበኛ ውድድር አልተጫወተም። ክለቦች ለዘመናት የፈሩት ይህንን ነው፤ ፍርሃታቸውም መሠረት የሌለው አይደለም።

ኤንቢኤ ትምህርቱን ወስዶ በፌብሩዋሪ 2026 ሎስ አንጀለስ አጠገብ ሁለት የአሜሪካውያን ቡድኖችንና አንድ የተቀረው ዓለም ቡድንን በ12 ደቂቃ ጨዋታዎች አጋጠመ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ግጥሚያዎች በሦስት ነጥብና ከዚያ ባነሰ ልዩነት ተወሰኑ፤ መከላከልም ታየ። በፍጻሜው ግን ሁለቱ የአሜሪካ ቡድኖች እርስ በርስ ሲገናኙ 47 ለ 21 ተጠናቀቀ። ዓለሙ ሲወጣ ማን ይበልጣል የሚለው ጥያቄም አብሮ ወጣ።

የተቃራኒው ማንነት ምን ያህል እንደሚወስን የሴቶቹ ሊግ፣ ደብሊው ኤንቢኤ፣ ሳያስበው አሳይቷል። በ2021 እና በ2024 ለኦሊምፒክ የሚሄደው ብሔራዊ ቡድን ከሊጉ ቀሪ ኮከቦች ጋር ገጠመ። ሁለቱንም ጊዜ ቀሪዎቹ አሸነፉ፤ ሁለቱንም ጊዜ የጨዋታው ኮከብ ለኦሊምፒክ ያልተመረጠችው አሪኬ ኦጉንቦዋሌ ነበረች። ብሔራዊ ቡድኑ ሁለቱንም ጊዜ በኦሊምፒኩ ወርቅ ስላጠለቀ ሽንፈቱ የአቅም ማነስ አልነበረም፤ በአንደኛው ወገን የተገፋች ሴት ስለነበረች ነው። በ2025 ደግሞ ተጫዋቾቹ ከጨዋታው በፊት የሚገባቸው ክፍያ እንዲሰጣቸው የሚጠይቅ ካናቴራ ለብሰው ሜዳ ገቡ። በ1964 ቦስተን ላይ ከተዘጋው በር ጋር ዝምድናው ግልጽ ነው።

የአውሮፓ እግር ኳስ ይህን ልማድ አልወሰደውም። በ2022 የቼልሲ ተባባሪ ባለቤትና የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ባለድርሻ የሆነው አሜሪካዊው ቶድ ቦሊ፣ ቤዝቦል በሁለት ቀን 200 ሚሊዮን ዶላር እንዳገኘበት ጠቅሶ የፕሪሚየር ሊግ ሰሜንና ደቡብ ኮከቦች ቢገጥሙ ለታችኞቹ ሊጎች ገንዘብ ይገኛል አለ። የዚያን ጊዜው የሊቨርፑል አሠልጣኝ የርገን ክሎፕ የትርኢት ቡድኑን ሃርለም ግሎብትሮተርስንም ሊያመጣቸው ይሆን ወይ ብሎ አላገጠበት። ማላገጡ ከኩራት ብቻ የመጣ አይደለም። የማንቸስተር ዩናይትድና የሊቨርፑል ተጫዋቾች አንድ ማሊያ ለብሰው ለ«ሰሜን» ሲጫወቱ ማየት፣ አዲስ አበባ ካፌ ውስጥ በሁለቱ ክለቦች ጉዳይ ከጓደኛው ጋር የተኳረፈ ደጋፊን ሳይቀር ግራ ያጋባል። ከዚህም በላይ እግር ኳስ የኮከቦችን ጨዋታ በሌላ ስም ይዞታል፤ የዓለም ዋንጫ፣ የአውሮፓና የአፍሪካ ዋንጫ ኮከቦችን ከየክለቡ ነቅለው በአገር ስም ያጋጥማሉ። በሰሜን አሜሪካው ኤምኤልኤስ የኮከቦች ጨዋታ ቢኖርም ሊጉ ራሱን ለሁለት ከመክፈል ይልቅ እንግዳ ቡድን መጋበዝ ይመርጣል። በ2023 ዋሽንግተን ላይ አርሰናል ምርጦቹን 5 ለ 0 ሲያሸንፍ ስታዲየሙን ከሞሉት ብዙዎቹ የእንግዳው ደጋፊዎች ነበሩ።

ጨዋታው ቢቀር እንኳ መመረጡ አይቀርም። በአሜሪካ ሊጎች ኮከብ ተብሎ መመረጥ በኮንትራት ውስጥ ጉርሻ ያስገኛል፤ ተጫዋቹ ጫማ ከሰቀለ በኋላም ለክብር መዝገብ ሲታጭ መጀመሪያ የሚቆጠርለት ስንት ጊዜ እንደተመረጠ ነው። የአሜሪካ እግር ኳስ ሊግ ግጭቱን ሰርዞም ምርጫውን አላቋረጠም። ደጋፊውም የሚከራከረው በውጤቱ ሳይሆን ማን ተመረጠ፣ ማን ተረሳ በሚለው ነው። በ1957 የሲንሲናቲ የቤዝቦል ደጋፊዎች ጋዜጣ ላይ የታተመ የድምፅ መስጫ ሞልተው ሰባት የከተማቸውን ተጫዋቾች ሲያስመርጡ፣ ኮሚሽነሩ ፎርድ ፍሪክ ሁለቱን አውጥቶ በዊሊ ሜይስና በሃንክ አሮን ተካቸው፤ ሕዝቡም እስከ 1970 የመምረጥ መብቱን ተነጠቀ። ስለዚያ ዓመት ጨዋታ የሚወራው እስከ ዛሬ ይኸው ነው። የእንግሊዝ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች ማኅበርም ከ1970ዎቹ ጀምሮ በየዓመቱ የሊጉን ምርጥ ዐሥራ አንድ በአባላቱ ድምፅ ይመርጣል። ቡድኑ አንድም ቀን ሜዳ ገብቶ አያውቅም፤ እንዲገባ የጠየቀም የለም።